መለዮው ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው?

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ልብስ ነው፤ ስለ ሬንጀር ሱሪ፣ ስለ ወታደራዊ ጃኬት፣ ስለ ከስክስ ጫማና ስለ ቀይ መለዮ ቆብ። ይህን የለበሰ ሲቪል ሰው በአንዱ አገር ማንም ልብ ሳይለው ያልፋል። በሌላው አገር ኤርፖርት ላይ ያስወልቁታል። በሌላው ደግሞ የጦር ፍርድ ቤት ፊት ሊያቆሙት ይችላሉ። ልብሱ ያው ሆኖ ሳለ ሕጉ ለምን እንዲህ ተራራቀ? ከእነዚህ ሕጎች የትኛው ሰውን፣ የትኛው ሥልጣንን እንደሚጠብቅ መለየት ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ የመጣሁትም ይህንኑ ለማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ ሩቅ የሚመስለው ካለ ከመንገደኛው ልጀምርለት። ባርቤዶስ፣ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ፣ ሴንት ሉሲያ፣ አንቲጓ የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው፤ ዓለም የሚያውቃቸው በፀሐያቸውና በባሕር ዳርቻቸው ነው። ሁሉም ሲቪል ሰው ሬንጀር እንዳይለብስ ከልክለዋል። የብሪታንያ መንግሥት ወደ ባርቤዶስ የሚጓዙ ዜጎቹን ሲመክር ክልከላው ሕፃናትንም እንደሚጨምር ያስጠነቅቃል። በእኛው አህጉር ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ናይጄሪያ፣ ጋናና ኡጋንዳ የየራሳቸው ክልከላ አላቸው። አሜሪካ ያደገ የወገናችን ልጅ ሬንጀር ሱሪ ከፈለገው ሱቅ ይገዛል፤ እዚያ ሱሪው ሱሪ ነው። ያንኑ ለብሶ በቦሌ በኩል ወደ ሉሳካ ወይም ወደ እንቴቤ ሲሻገር ግን ሳያውቀው ወንጀል ለብሶ እየሄደ ነው። ሻንጣ ስታዘጋጁ ይህን አትርሱ፤ ለሚጓዙ ልጆቻችሁም ንገሯቸው።

የደሴቶቹ ሕግ ለጎብኚ ግር ይለዋል። ፍርሃቱ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግሬናዳ ውስጥ በኦክቶበር 1983 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሞሪስ ቢሾፕን የገደሏቸው የገዛ አገራቸው ወታደሮች ናቸው። ትሪኒዳድ ውስጥ በጁላይ 1990 ታጣቂዎች ፓርላማውን ሰብረው ገብተው ጠቅላይ ሚኒስትሩን አርተር ሮቢንሰንን ጨምሮ ብዙ ሰው ለስድስት ቀን አግተዋል። ትንሽ ሠራዊት ባላት ትንሽ ደሴት ማን ወታደር እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ በዓይን አይቶ መለየት የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ወታደራዊ ልብስ በሰው አእምሮ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ለማየት ደግሞ ወደ ጀርመን እንሂድ። ቪልሄልም ፎይግት የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር፤ የዕድሜውን ብዙውን ክፍል በእስር ያሳለፈ፣ ሲፈታም ፖሊስ በርሊን እንዳይኖር ያገደው ሰው። በ1906 ዕድሜው 57 ደርሶ ሳለ ከአሮጌ ልብስ ሻጮች የሻምበል ልብስ አንዱን ከአንዱ እያሟላ ገዛ። ኦክቶበር 16 ቀን ለብሶት ወጣ። መንገድ ላይ ያገኛቸውን ወታደሮች ተከተሉኝ አላቸው፤ ተከተሉት። ወደ አሥር ይሆናሉ። በባቡር በርሊን አጠገብ ወዳለችው ወደ ኮፔኒክ ወሰዳቸው፤ ማዘጋጃ ቤቱን አስከበበ፤ ከንቲባውን አሰረ፤ ሒሳብ አስዘግቶ ከ3,500 ማርክ በላይ ተረከበና ደረሰኝ ላይ ፈረመ። ከንቲባውን በወታደር አሳጅቦ ወደ በርሊን ላከና ልብሱን ቀይሮ ተሰወረ። በአሥር ቀኑ ተያዘ፤ አራት ዓመት ተፈረደበት፤ በ1908 ንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት አደረጉለት። ዛሬ በዚያው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ሐውልቱ ቆሟል።

ጀርመኖች በዚህ ታሪክ ሲስቁ ኖረዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከንቲባው ነው። በሕጋዊ መንገድ የተሾመ የከተማ ሹም በገዛ ቢሮው ሲታሰር የማሰሪያ ማዘዣ ያሳየው ሰው የለም፤ የሻምበሉ ልብስና የወታደሮቹ ሳንጃ ማዘዣ ሆኑ። ወታደሮቹም ቢሆኑ ያዘዛቸው ሰው ስሙ ማን፣ ክፍሉ የት እንደሆነ አልጠየቁም። ለልብስ እንዲህ እንዲታዘዝ በተደረገ ኅብረተሰብ ውስጥ ልብሱ ከማንም እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያኔ ታየ።

ያ ገንዘብ ብቻ ጠፍቶ አለፈ። በእኛ ዘመን የሆነው ከዚያ እጅግ የከፋ ነው። ኤፕሪል 14 ቀን 2014 ሌሊት ሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ቺቦክ፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የገቡት የቦኮ ሐራም ታጣቂዎች የመንግሥት ወታደር ልብስ ለብሰው ነበር። ልጆቹ ሊጠብቋቸው የመጡ ወታደሮች መሰሏቸው፤ ተሰብሰቡ ሲሏቸው ተሰበሰቡ። 276 ልጃገረዶች ተወሰዱ። ኖርዌይ ውስጥ በጁላይ 2011 ዑቶያ ደሴት ላይ 69 ሰዎችን የገደለው ሰው የለበሰው የፖሊስ ልብስ ነው፤ ወጣቶቹ ፖሊስ ነው ብለው አምነውት ቀረቡት። ሕንድ ውስጥ በጃንዋሪ 2016 የፓታንኮትን የአየር ኃይል ጣቢያ ያጠቁት ሰዎች የሕንድ ጦር ልብስ ለብሰው መጡ፤ ከዚያ በኋላ ጦሩ ሕዝቡ የእርሱን ዓይነት ልብስ እንዳይለብስ፣ ነጋዴውም እንዳይሸጥ ጠየቀ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕግ ጭራሽ አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የቺቦክ እናት ፊት ቆሜ እንደዚያ ለማለት አልችልም።

ሌላም ምክንያት አለ። ተዋጊን ከሰላማዊ ሰው መለየት የጦርነት ሕግ ምሰሶ ነው። በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ከመደበኛው ሠራዊት ውጭ ያሉ ተዋጊዎች ሲማረኩ የምርኮኛ መብት እንዲያገኙ ካስቀመጣቸው ግዴታዎች አንዱ ከሩቅ የሚታይ ቋሚ መለያ ማድረግ ነው። በ1977 የተጨመረው ፕሮቶኮል ደግሞ የጠላትን ልብስ ለብሶ ማጥቃትን ይከለክላል። ዲሴምበር 1944 የናዚ ጦር እንግሊዝኛ የሚችሉ ወታደሮቹን የአሜሪካ ወታደር አልብሶ ከአሜሪካኖች መስመር ጀርባ አስገብቶ ነበር፤ ከእነርሱ የተያዙት ተረሽነዋል። ያዘመታቸው ኦቶ ስኮርዜኒ ግን በ1947 ዳኻው ላይ ተከስሶ ነፃ ወጣ፤ ሰዎቹ በጠላት ልብስ ውስጥ ሆነው መዋጋታቸው አልተረጋገጠምና። ይህን ፍርድ ልብ በሉልኝ። በዓለም ትልቁ ጦርነት ማግስት የተቀመጡ ወታደራዊ ዳኞች እንኳ ልብሱ ተለበሰ በማለት ብቻ አላለፉም፤ ለብሰውት ምን አደረጉ ብለው ጠይቀዋል።

ባለፉት ዓመታት ጦርነት ላየን ሰዎች የዚህ መለያ ጥቅም ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ውጊያ ባለበት አካባቢ ሬንጀር ለብሶ እንጨት ሊለቅም የወጣ ወጣት፣ ከማዶ ለሚያየው ተኳሽ ወታደር ነው። ሱሪው ከሰልቫጅ ተራ በርካሽ የተገዛ መሆኑን ተኳሹ በምን ያውቃል? ለዚያ ልጅ ክልከላው በትክክል ቢነገረውና ቢገባው ነፍሱን ያተርፍለታል።

አሁን ወደ ሕጎቹ አንቀጽ እንግባ፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። የእንግሊዝ ገዢዎች በ1860 ለሕንድ ባወጡት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 140 ወታደር ያልሆነ ሰው የወታደር ልብስ በመልበሱ የሚቀጣው ሰዎች ወታደር ነው ብለው እንዲያምኑት አስቦ ከሆነ ነበር። ሕጉ በ2024 በአዲስ እስኪተካ ድረስ ቅጣቱ እስከ ሦስት ወር እስራት ወይም እስከ 500 ሩፒ መቀጮ ነበር። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ሱሪውን ይዞ ችሎት ቢቀርብ አይበቃውም ነበር፤ የማታለል ሐሳቡን ማስረዳት ነበረበት። እንግሊዞች በ1894 ለራሳቸው ያወጡት የደንብ ልብስ ሕግ ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው፤ የሠራዊቱን ልብስ የሚመስለውንም ያጠቃልላል። ይሁንና ለቲያትር መድረክ፣ ለሙዚቃ አዳራሽና ለሰርከስ በሩን ክፍት ትቷል። ወታደርን መምሰልና ወታደር ነኝ ብሎ ማታለል የተለያዩ መሆናቸውን የሕጉ ጸሐፊዎች ያውቁ ነበር።

አሜሪካኖችም ለተዋናይ ፈቅደዋል፤ ግን አንድ ሐረግ ጨምረውበት ነበር፤ አቀራረቡ ሠራዊቱን የማያዋርድ ከሆነ የሚል። ዲሴምበር 1967 ዳንኤል ሻክት የሚባል ወጣት ሂውስተን ውስጥ ወታደር የሚመለመልበት ማእከል ፊት ለፊት ከጓደኞቹ ጋር አጭር ድራማ አሳየ። የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ነበር። ወታደር መስለው የሚጫወቱት በፕላስቲክ የውኃ ሽጉጥ ቀይ ፈሳሽ ይረጫሉ፤ የወደቀውን ሲያዩት ሴት ናት፤ ይደነግጣሉ። ድራማው በዚህ ያበቃል። ሻክት ያለ ፈቃድ ወታደራዊ ልብስ በመልበስ ተከሶ ስድስት ወር እስራትና 250 ዶላር ተፈረደበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በሜይ 1970 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻሩት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ሕጉ ያንኑ ልብስ ለብሶ ጦርነቱን የሚያወድስን ተዋናይ እየፈቀደ፣ የሚቃወመውን ወደ እስር የሚልክ ከሆነ የሚቀጣው ልብሱን ሳይሆን አስተያየቱን ነው። ያ ሐረግ ከሕጉ ወደቀ። በ2012 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ያልተሸለመውን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸልሜያለሁ ብሎ የዋሸን ሰው የሚቀጣ ሕግ ሻረ፤ በዓመቱ ምክር ቤቱ ውሸቱን የሚቀጣው ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት የተነገረ ከሆነ ብቻ ነው ብሎ ሕጉን አጥብቦ አወጣው። በእኔ እምነት ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው።

እስካሁን ያየናቸው ግለሰቦች ናቸው። በጅምላ የሚለበስ የፖለቲካ ልብስስ? በ1930ዎቹ የኦስዋልድ ሞዝሊ ፋሺስቶች ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው በለንደን ጎዳናዎች ሲሰለፉ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1936 ኬብል ስትሪት ላይ የሰፈሩ ሕዝብ መንገድ ዘጋባቸው። በዚያው ዓመት ፓርላማው የፖለቲካ ዓላማን የሚገልጽ የደንብ ልብስ በአደባባይ መልበስን ከለከለ። ጀርመንም ዛሬ የጋራ የፖለቲካ አቋም መግለጫ የሆነ የደንብ ልብስን በአደባባይ ትከለክላለች፤ የናዚ ቡኒ ሸሚዞች ያደረሱባትን ታውቃለችና። የእንግሊዙ ሕግ በ1974 አንድ አየርላንዳዊ የርሃብ አድማ አድራጊ ሲቀበር ጥቁር መለዮ ቆብና ጥቁር መነጽር አድርገው አስከሬኑን በሸኙ ሰዎች ላይ ተፈጻሚ ሆኗል፤ ፍርድ ቤቱ ቆብ ብቻውን እንኳ የደንብ ልብስ ሊሆን ይችላል አለ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ያዙልኝ፤ ቅጣቱ ቢበዛ ሦስት ወር ነበር፤ ክስ ለመቀጠል የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ክልከላውም ለማንኛውም ፓርቲ እኩል ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ አሁን የምነግራችሁ ስለ ሌላ ቆብ ስለሆነ ነው።

ኡጋንዳ። በሴፕቴምበር 2017 የፕሬዚዳንቱን የዕድሜ ገደብ ለማንሣት የቀረበውን ሐሳብ የተቃወሙ የፓርላማ አባላት ግንባራቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው ታዩ። ቀይ የተቃውሞ ቀለም ሆነ። ከእነርሱ መካከል በቅርቡ ለፓርላማ የተመረጠው ሙዚቀኛ ሮበርት ኪያጉላኒ፣ በመድረክ ስሙ ቦቢ ዋይን፣ ቀይ መለዮ ቆብ የንቅናቄው ምልክት አደረገ። ወጣቱ ተከተለው፤ ቆቡ በካምፓላ ገበያዎች ይሸጥ ጀመር። በጁላይ 2019 ቦቢ ዋይን ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒን በምርጫ እንደሚገጥም አስታወቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር፣ ቀይ መለዮ ቆብና ሌሎች አልባሳት የሠራዊቱ ንብረት ናቸው ተብሎ በመንግሥት ጋዜጣ ታወጀ።

የኡጋንዳ ወታደራዊ ፖሊስ ቀይ ቆብ ይለብሳል፤ ይህ እውነት ነው። የመንግሥት ክርክርም ይኸው ነበር። ነገር ግን አሠራሩን ተመልከቱ። በ2005 የወጣው የሠራዊቱ ሕግ በተለምዶ በሠራዊቱ ብቻ የሚያዝ መሣሪያ፣ ጥይት ወይም ቁሳቁስ ይዞ የተገኘ ሲቪል በወታደራዊ ሕግ እንዲዳኝ ያደርጋል። ጋዜጣው ቆቡን ወደዚያ ዝርዝር አስገባው። ትናንት ከገበያ የተገዛ ቆብ ዛሬ ከጥይት ጋር በአንድ መዝገብ ተጻፈ። ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ሊደርስ ይችላል። በለንደን ቢበዛ ሦስት ወር፣ በካምፓላ ዕድሜ ልክ፣ ለዚያውም በጦር ፍርድ ቤት። ከጃንዋሪ 2021ዱ ምርጫ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2020፣ ፖሊስና ወታደር ካምዎክያ የሚገኘውን የቦቢ ዋይንን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ወርረው ቀይ ቆቦቹን ሰብስበው ወሰዱ።

ይህ ሕግ ማታለልን አይቀጣም። ቀይ ቆብ አድርጎ የሙዚቀኛውን መፈክር የሚያሰማ የካምፓላ ወጣት ወታደራዊ ፖሊስ ነኝ እያለ ማንን ያታልላል? ያየው ሁሉ ደጋፊ መሆኑን ያውቃል፤ ወታደሩ ራሱ ያውቃል፤ የሚያስሩትም ስለሚያውቁት ነው። ደቡብ አፍሪካንም አስቡ። እርሷም በ2002 ባወጣችው የመከላከያ ሕግ የሠራዊቷን ልብስ ታስከብራለች፤ ሆኖም የጁሊየስ ማሌማ ፓርቲ አባላት ቀይ መለዮ አድርገው ፓርላማ ድረስ ይገባሉ። ሠራዊቱ በዚህ አልፈረሰም፤ ሕዝቡም አልተደናገረም።

በጃንዋሪ 31 ቀን 2025 የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቪሎች በጦር ፍርድ ቤት መዳኘታቸው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ ክርክሩን የጀመሩት የቀድሞው የፓርላማ አባል ማይክል ካባዚጉሩካ ነበሩ። ብዙዎቻችን እፎይ ያልነው ያኔ ነው። እፎይታው ብዙ አልቆየም፤ በሜይ ፓርላማው በልዩ ሁኔታ በሚል ሲቪሎችን ወደ ጦር ፍርድ ቤት የሚመልስ ማሻሻያ አጸደቀ፤ በጁን ፕሬዚዳንቱ ፈረሙበት።

የልብስ ማታለል ሲነሣ መንግሥታት ዘወትር ጣታቸውን ወደ ዜጋው ይቀስራሉ። ግን በዘመናችን ከታዩት የወታደራዊ ልብስ ማታለሎች ትልቁን የፈጸመው መንግሥት ነው። በፌብሩዋሪ 2014 መጨረሻ ክሪሚያ ውስጥ የማዕረግም የአገርም ምልክት የሌለው አረንጓዴ ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ታጣቂዎች ፓርላማውን ያዙ። ማርች 4 ቀን ጋዜጠኞች ሲጠይቋቸው ፕሬዚዳንት ፑቲን እንዲህ ያለውን ልብስ ማንም ከሱቅ ገብቶ ሊገዛው ይችላል ብለው መለሱ። በወሩ፣ በኤፕሪል፣ የሩሲያ ወታደሮች እዚያ እንደነበሩ አመኑ። አንድ ልዑላዊ ግዛት ከአገሩ ተቆርጦ ሲወሰድ መሸፈኛው ምልክቱ የተነቀለ ሬንጀር ነበር። ለዚህ የተከሰሰ ልብስ ለባሽ አላየሁም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሕግ የትም አገር ሲቀርብ መጀመሪያ የምፈልገው ልብሱን የሚገልጸውን አንቀጽ አይደለም። የምፈልገው ስለ ሐሳብ የሚናገረውን ነው። ለባሹ ወታደር መስሎ ሊያዝዝ፣ ሊፈትሽ፣ ሊዘርፍ፣ ሊያግት አስቦ ከሆነ ቅጣቱ ቢከብድ ደስ ይለኛል። ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ርካሽ ስለሆነ፣ ሌላ ስለሌለው፣ ወይም ደጋፊ መሆኑን ለማሳየት ለብሶ ከሆነ ግን ሕጉ ከመንገዱ ዘወር ይበልለት። ቀጥሎ የምፈልገው ዳኛውን ነው፤ ሲቪሉን የሚዳኘው ልብሴን ለበሰብኝ የሚለው ተቋም ራሱ ከሆነ፣ ከሳሹና ዳኛው አንድ ሆኑ ማለት ነው።

ምንጩንም አትርሱ። ልብሱ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ በጅምላ ተሽጦ፣ በሰልቫጅ ቦንዳ ታስሮ፣ ድንበር ተሻግሮ ነው የድሃ ልጅ እጅ የሚገባው። ሕንድ በ2022 ለጦሯ ያወጣችውን አዲስ የሬንጀር ንድፍ በአእምሯዊ ንብረትነት አስመዝግባለች፤ ያለ ፈቃድ የሚያትመው ፋብሪካ ተጠያቂ ይሆናል። የካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ግዛት በኤፕሪል 2020 አንድ ሰው የፖሊስ ልብስ ለብሶ፣ የፖሊስ መኪና የሚመስል እየነዳ 22 ሰዎችን ከገደለ በኋላ የፖሊስ ልብስና መለያ ማን ሊይዝ እንደሚችል የሚወስን ሕግ አውጥታለች። ሁለቱም እውነተኛውን ልብስ ከማን እጅ እንደሚገባ ይቆጣጠራሉ፤ አረንጓዴ ሱሪ የለበሰን ሁሉ አያሳድዱም። ይህ ሥራ አድካሚ ነው፤ መጋዘን መቁጠርን፣ አስመጪን መመዝገብን፣ ጡረታ ከወጣ ወታደር ልብሱን በፊርማ መረከብን ይጠይቃል። መንገድ ላይ ቆሞ የአላፊ አግዳሚውን ሱሪ ከማስወለቅ ይልቅ የቺቦክን ዓይነት ሌሊት የሚያርቀው ግን ይህ ነው።

ያለኝ ይህ ነው። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።